ከድህነት የተመረቁት አክስቴ

«አምባሰል» ሲባል የብዙዎቻችን ጆሮ ወደ ቅኝቱ ያዘነብላል። እኔን ግን ትዝ የሚለኝ ከሐይቅ ወደ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ የሚኖሩት አክስቴ ከጥቂት ዓመታት በፊት የነገሩኝ ነው፤ «ተመረቅሁ እኮ ልጄ!»

አክስቴ የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጠው አያውቁም። የተመረቁት ከሴፍቲኔት ነው። በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው በዚህ መርሐ ግብር ጉልበት ያለው ድሃ እርከን እየሠራ፣ መንገድ እየጠረገ እህል ወይም ገንዘብ ይቀበላል፤ አቅመ ደካማው ያለ ሥራ ይረዳል። ጥሪት ያፈራው ደግሞ «ተመርቋል» ተብሎ ከመዝገብ ይወጣል። አክስቴ ለዓመታት ድንጋይ ተሸክመው ሁለት በጎች ገዙ። ኮሚቴው በጎቹን ቆጥሮ አስመረቃቸው። በተከታዩ ዓመት ዝናቡ ቀረ፤ በጎቹ ተሸጡ፤ ስማቸው ግን ወደ መዝገቡ አልተመለሰም።

መርሐ ግብሩን ማጣጣሌ አይደለም። ወሎ የባሰውን አይታለች። በ1965 ዓ.ም. ረሀቡ ሲበረታ መንግሥት እውነቱን ሸሸገ፤ የዓለም ሕዝብ ጉዳዩን በሰፊው የተረዳው በጥቅምት 1966 የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ነበር። የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን የተቋቋመውም በዚያው ዓመት፣ ብዙ ሕይወት ካለፈ በኋላ ነው። ከዚያ አንጻር ረሀቡ ሳይደርስ መርዳት ትልቅ እርምጃ ነው።

ይሁን እንጂ እርዳታ ሁሉ መብት አይደለም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1601 ባጸኑት ሕግ እያንዳንዱ ደብር ከባለንብረቱ ግብር ሰብስቦ ድሃውን እንዲረዳ አስገደዱ። ሕጉ ርኅሩኅ አልነበረም፤ በ1697 ተረጂው በልብሱ ላይ ምልክት እንዲለጥፍ ታዘዘ። ነገር ግን የተከለከለ ድሃ ወደ ዳኛ ሄዶ አቤት ማለት ይችል ነበር።

በእኛም መመሪያ የአቤቱታ ኮሚቴ አለ። «ለምን አቤት አላሉም?» ብዬ አክስቴን ጠየቅኋቸው።

«ቆጣሪዎቹም ሰሚዎቹም ጎረቤቶቼ ናቸው፤ ነገ የሚቀብሩኝም እነሱው። ማንን ላስቀይም?»

በዚያ ክረምት ያሻገራቸው ቅሬው ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ቁና ቁና አዋጣላቸው። ድርቅ ግን የቅሬውን አባላት ሁሉ በአንድ ጊዜ ይመታል፤ ያን ጊዜ አዋጪው ራሱ ተረጂ ይሆናል። የመንግሥት ተግባር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ድሃን ማስመረቅ መልካም ነው፤ ዳግም ሲወድቅ የሚመለስበትና ጎረቤቱን ሳይፈራ አቤት የሚልበት ደጅ ግን ክፍት ይሁን።