ዝንብ ሁሉ አንድ አይደለም

ደሴ ሰኞ ገበያ ማንጎ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ጫን ጫን አድርጎ ያያል። ለስለስ ያለ ቦታ ካገኘ መልሶ ያስቀምጣል፤ ሻጯ ደግሞ «መንገድ አጋጭቶት ነው እንጂ ትል የለውም የኔ ልጅ» ትለዋለች። ቤት ገብቶ ሲቆረጥ ግን ነጫጭ ትሎች እየተስፈነጠሩ ይወጣሉ። ያኔ ሁላችንም የምንፈርደው ቅርጫቱ ላይ ሲያንዣብቡ ባየናቸው ደቃቃ ዝንቦች ላይ ነው። ፍርዱ ግን የተሳሳተ ነው።

እነዚያ ዓይናቸው ቀይ የሆነ፣ ቁመታቸው ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ጠላ ቤት ስንቀመጥ ብርጭቋችን ውስጥ ጥልቅ የሚሉት ድሮሶፊላ ይባላሉ። የሚፈልጉት የቦካና የበሰበሰ ነገር ነው፤ የደህና ማንጎ ልጣጭ መብሳት አይሆንላቸውም። ማንጎውን ያበላሸችው ሌላ ናት። ፍሬው ገና ዛፍ ላይ እያለ በሆዷ ጫፍ ባለው መውጊያ ልጣጩን ወግታ፣ እንቁላሏን ከሥሩ ጥላ ሄዳለች። ፍሬው ሲወድቅ ትሎቹ ወጥተው አፈር ውስጥ ይገባሉ፤ ከዚያ ክንፍ አውጥተው ይነሳሉ። ገበያ ላይ እሷን ብንፈልጋት አናገኛትም።

እሷም ብትሆን አንድ ዓይነት አይደለችም። የሜዲትራኒያን ፍራፍሬ ዝንብ የምትባለው ክንፏ ላይ ቢጫና ቡናማ ቀበቶ አላት። ከእስያ የመጣችው ባክትሮሴራ ዶርሳሊስ ግን ክንፏ ጥርት ያለ ነው፤ ዳሩን ብቻ ጥቁር መስመር ይዞታል፤ ሆዷ ላይ ደግሞ የላቲኑን «ቲ» የመሰለ ጥቁር ምልክት አለ። ይህ የተመራማሪ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። የዶርሳሊስን ወንድ ወደ ወጥመድ የሚጠራው ሜቲል ዩጂኖል የሚባል ሽታ ነው። የሜዲትራኒያኗ ወንድ ለዚህ ሽታ ደንታ የለውም፤ የሱ ማማለያ ትሪሜድሉር ነው። የትኛዋ እንደሆነች ሳያጣራ ወጥመድ የሰቀለ ገበሬ ባዶ ሲያገኘው «ተመስገን፣ ዝንብ የለም» ብሎ ሊተኛ ይችላል።

ሊቃውንቱም ቢሆኑ ስሟ ላይ ተቸግረው ነበር። ይህች የእስያ ዝንብ በ2003 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ኬንያ ውስጥ ታየች፤ በ2004 እኛ ጋ ደረሰች። በ2005 ድሩ፣ ጹሩታና ኋይት የተባሉ ተመራማሪዎች አዲስ ዝርያ ናት ብለው ባክትሮሴራ ኢንቫደንስ የሚል ስም አወጡላት። በ2015 ግን አካሏ ተለክቶ፣ ዘረመሏ ተመርምሮ፣ ከእስያዎቹ ጋር ስትዳቀል ልጆቿ መካን እንዳልሆኑ ታይቶ፣ ሄንደል በ1912 ከታይዋን የገለጻት ያችው ዶርሳሊስ ናት ተባለ። ስም መቀነሱ ቀላል ነገር አይደለም። ስሟ የተለየ ሳለ እስያ ላይ የተፈተነው መከላከያ ለአፍሪካዋም እንደሚሠራ ፍሬ ለሚገዙ አገሮች እንደ አዲስ ማስረዳት ያስፈልግ ነበር።

ለመሆኑ ዝርያ የሚለየው በምንድን ነው? በመልክ እንዳትሉ። ፍቼ አካባቢ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተሰበሰቡ ድሮሶፊላዎች ከቆላ ዘመዶቻቸው ጠቆርና ገዘፍ ይላሉ፤ ክንፋቸውም ይተልቃል። ጎን ለጎን ብታዩአቸው ሁለት ዝርያ ናቸው ብላችሁ ትምላላችሁ። ግን አንድ ናቸው፤ ድሮሶፊላ ሜላኖጋስተር ናቸው።

ጅማ አካባቢ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ተገኘ። ከዝንብ ወገን የሆነችው የወባ ትንኝ አኖፌለስ አራቢየንሲስ የአገራችን ዋነኛ ወባ አስተላላፊ ናት። እሷን በመልክ ፍጹም የምትመስል ሌላ ትንኝ እንዳለች ሀንት፣ ኩትዚና ፈጠነ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1998 አስታወቁ። ደቡብ አፍሪካ ካለችው ዘመዷ ጋር አንድ ናት ተብላ ስትታሰብ የነበረችው ይህች ትንኝ ከዚያችው ዘመዷ ጋር ስትዳቀል ወንዶቹ ልጆች መካን ሆኑ። በ2013 ስም ወጣላት፤ አኖፌለስ አምሃሪከስ። የምትመርጠው ከብት መንከስ ነው፤ ወባ በማስተላለፍም አትታወቅም። ሁለቱን ማይክሮስኮፕ እንኳ አይለያቸውም። የትንኟን አንድ እግር ወስዶ ዘረመሏን መመርመር ግን ይበቃል።

ትንኝን የመለየት ጉዳይ ደጃችን ድረስ መጥቷል። በ2016 ቀብሪደሃር ላይ አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባል የእስያ ወባ ትንኝ ተገኘች። በ2018 በተደረገው አሰሳ ከተገኘችባቸው ከተሞች አንዷ ከኮምቦልቻ ቁልቁል ወርዳችሁ የምትደርሱባት ባቲ ናት። የለመድናት ትንኝ በየሜዳው ያቆረ የዝናብ ውኃ ትወዳለች፤ ይህችኛዋ ግን ሮቶው፣ በርሜሉና የግንባታ ውኃ ማጠራቀሚያው ይበቃታል፤ ስለዚህ በበጋም ከተማ ውስጥ ትራባለች። በ2022 ድሬዳዋን ከመታው የወባ ወረርሽኝ ጋር የተያያዘችው እሷ ናት። በ1987 የታተመው ዋናው የአፍሪካ ትንኞች መለያ መጽሐፍ ውስጥ የለችም። መጽሐፉን ብቻ ይዞ የሚሠራ ሰው የለመዳትን ትንኝ ስም ሰጥቶ ያልፋታል፤ ርጭቱና አጎበሩም በዚያው በለመደው መንገድ ይቀጥላል።

አንዲትን ዝንብ መግለጽ አድካሚ ሥራ ነው። የክንፏን ሥሮች መሳል፣ ፀጉሯን መቁጠር፣ የወንዱን የሆድ ጫፍ በአልኮል ውስጥ አውጥቶ ማየት፣ ቦታውንና ቀኑን በደቃቅ ጽሑፍ ወረቀት ላይ አስፍሮ ከናሙናው ጋር መሰካት ይጠይቃል። ከዚያ አንዷ ናሙና ለስሙ ምስክር ሆና ትቀመጣለች። ከእኛ አገር የተወሰዱ ብዙ ምስክሮች የተቀመጡት አውሮፓ ነው። እንግሊዛዊው ሂዩ ስኮት በ1926 እና 1927 ከደጋችን የሰበሰባቸው ነፍሳት ለንደን ይገኛሉ። የራሳችንን ዝንብ ለማጣራት ቪዛ መጠየቅ የለብንም።

ለዚህ ነው ወሎ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ሌላ ቦታ ባዮሎጂ ለምትማሩ ልጆች ይህን የምጽፈው። የመመረቂያ ርዕስ ስትፈልጉ ሩቅ አትሂዱ፤ የደሴን፣ የኮምቦልቻንና የባቲን ዝንቦች ሰብስቡ፣ ለዩ፣ ናሙናውን እዚሁ አስቀምጡ። ለዩኒቨርሲቲዎቻችን ደግሞ፦ ዝንብ የሚለይ ባለሙያ መቅጠር ቅንጦት አይደለም።

ለሁላችንም የሚቀር ሥራ አለ። ከዛፍ የወደቀ ትላም ማንጎ መሬት ላይ አትተዉ፤ ላስቲክ ውስጥ አስራችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት፣ ወይም በጥልቁ ቅበሩት። የሮቶና የበርሜል ክዳን ክፍት አይደር።