ማን ያነሳኛል?

በነርስነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት “ሲስተር፣ ልቤ አልነሳ አለኝ” የሚል ቃል ያልሰማሁበት ሳምንት ጥቂት ነው። ደም ግፊቷ ከፍ ያለባት እናት፣ ስኳር የጀመረው ሾፌር፣ ጉልበቷ አላስኬድ ያላት መምህርት፣ ሁሉም “ክብደት ቀንሱ” ሲባሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። በወሩ ለቀጠሮ ሲመጡ ሚዛኑ ያው ነው፤ አንዳንዴም ጨምሯል።

ጡረታ ወጥቼ ሳጉሬ ከተቀመጥኩ በኋላ ጉዳዩ እኔም ቤት ገባ። በሥራ ዘመኔ ለክትባት ወደ ገጠር ቀበሌዎች ስንወጣ መኪና ከቆመበት ወዲያ ያለው ሁሉ የእግር መንገድ ነበር። ጡረታ እግርን ያሳርፋል፤ መሶቡ ግን ጡረታ አይወጣም። ከሦስት ዓመት በፊት 88 ኪሎ ደረስኩ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ60 ነው። ክብደትን ከቁመት ጋር በሚያነጻጽረው መለኪያ ይህ 34 ይሆናል፤ 30 እና ከዚያ በላይ ከልክ ያለፈ ውፍረት ይባላል።

ያስነሳኝ ግን ቁጥሩ አይደለም። በቆጂ የነበረችው ታላቅ እህቴ በደም ግፊት ምክንያት ስትሮክ መታትና ግራ ጎኗ አልታዘዝ አላት። አልጋ ላይ የዋለ በሽተኛ በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ካልተገላበጠ ጀርባው ይቆስላል። እህቴ ደንዳና ሴት ነበረች። እኔና ሁለት ሴት ልጆቿ አንሶላ ከሥሯ አስገብተን፣ “አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት” ብለን እናዞራታለን። በሌሊት ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ። ታናሽየዋ በወገብ ሕመም መሥሪያ ቤት መሄድ አቃታት። እህቴ አንደበቷ ደህና ስለነበር “ከበድኳችሁ፣ ልጆቼ” ትላለች፤ እኛ ደግሞ “ኧረ ምንም አትከብጂም” እያልን ላባችንን እንጠርጋለን። እንዲህ ሁለት ዓመት ቆይታ አረፈች።

ከአርባዋ በኋላ አንድ ማታ ብቻዬን ተቀምጬ አሰብኩት። ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት፤ አዳማ ነው የምትሠራው፤ ቀጭን ናት፣ 50 ኪሎ ብትሞላ ነው። እኔ ብወድቅ ማን ያነሳኛል? ሞትን በሥራዬ ብዙ ስላየሁት ያን ያህል አያስደነግጠኝም። የልጄ ወገብ ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

ይህን የማነሳው እናንተም የእኔን ምክንያት እንድትወስዱ አይደለም። ምክንያት እንደ ጫማ ነው፤ የሰው አይሆንም። ያየሁትን ልናገር፦ ለሰርግ ቀሚስ ብሎ የጀመረ ሰርጉ ሲያልፍ ይተዋል። ሐኪም አስደንግጦት የጀመረ ድንጋጤው ከፋርማሲው በር ብዙ አይርቅም። የሚቆየው ስም ያለው ጉዳይ ነው። አንዷ “የልጅ ልጄን አዝዬ ቤተ ክርስቲያን ልውጣ” አለች። ሌላው “ጫማዬን ጎንበስ ብዬ ራሴ ልሰር” አለ። ስቀንበት ነበር፤ እሱ ግን እስካሁን እየተራመደ ነው።

ምክንያቱ ከተገኘ በኋላ ነው ብዙ ሰው የሚሸነፈው። “እኔ ጽናት የለኝም” ይላሉ። እዚህ ላይ ሙግት አለኝ። ይህን የምትለኝ ሴት የዐቢይ ጾምን 55 ቀን አንድ ቀን ሳታጓድል የምትጾም ናት። ጎረቤቷ ረመዳንን 29 ወይም 30 ቀን ውኃ እንኳ ሳይቀምስ የሚውል ነው። ታዲያ ጽናቱ የት ሄደ? እኔ እንደሚገባኝ ጾም የሚጸናው ከእምነቱ ባሻገር በአሠራሩም ነው። የሚጀመርበት ቀን ይታወቃል። ጎረቤት ሁሉ አብሮ ይጾማል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በየማለዳው “ዛሬ ልጹም ወይስ ልተው?” ብሎ የሚመካከር የለም፤ አንዴ ተወስኗል። ክብደት ለመቀነስ ስንነሳ ግን በየቀኑ ከራሳችን ጋር ችሎት እንቀመጣለን፤ አልጋ ደግሞ ጥሩ ጠበቃ ነው። (ጾም ራሱ ያከሳል ማለቴ አይደለም። ለነፍስ የተሠራ ነው፤ በዘይት የራሰ የጾም ወጥ ደግሞ ከፍስኩ ላያንስ ይችላል።)

ስለዚህ እንደ ጾሙ አደረግሁት። ጎረቤቴ ሙስሊም ናት፤ ሱብሂ ሰግዳ አትተኛም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጠዋቱ 12 ሰዓት በሬን ታንኳኳለች። “ሲስተርዬ፣ ተነሺ!” ካለች በኋላ መተኛት ነውር ነው። ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብለን እንራመዳለን፤ በሳምንት 150 ደቂቃ መሆኑ ነው። ቁጥሩን ከራሴ አላመጣሁትም። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ለስኳር በሽታ የተቃረቡ ሰዎችን ይዞ፣ በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱና ከክብደታቸው ከመቶ 7 እጁን እንዲቀንሱ ግብ ሰጥቷቸው ነበር። በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው ይህን ካልተከተሉት በ58 በመቶ ቀነሰ። ለእኔ ከመቶ 7 ማለት 6 ኪሎ ገደማ ነው። ሠላሳ ኪሎ ቀንሺ ብባል ኖሮ ከአልጋዬም አልወርድም ነበር።

ከአሰላ በሳጉሬ በኩል በቆጂ በሚዘልቀው አስፋልት ላይ ቀስ ብሎ መራመድ ግን ድፍረት ይጠይቃል። ይህ አገር በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ወርቅ ያጠለቀችውን ደራርቱ ቱሉን ያፈራ፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በልጅነቱ ትምህርት ቤት እየሮጠ የተመላለሰበት የአርሲ ምድር ነው። ልጆቹ እንደ ነፋስ ሽው ብለው ያልፉናል። “አይዞን እማማ!” የሚሉንም አሉ። ጎረቤቴ “እኛም እኮ ልምምድ ላይ ነን” ትላቸዋለች።

ምግቡ ላይ ብዙ አልተፈላሰፍኩም። እንጀራ አልተውኩም፤ ገብስና ባቄላ የሚበቅልበት አገር ተቀምጦ ከከተማ የሚመጣ የቅጥነት ዱቄት መግዛትም አልታየኝም። ያየሁት የማይታየውን ነው። ቡና በቀን ሁለት ጊዜ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ በየስኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ሲደመር 48 ግራም ይሆናል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ቀን ከፍተኛው ይሁን ካለው 50 ግራም ጋር ተቀራረበ፣ ያውም ሻዩና ጣፋጩ ሳይቆጠር። አሁን በረካን ትቻለሁ፤ ለአቦልና ለቶና ግማሽ ማንኪያ ይበቃኛል። ዘይት ከጀሪካን ቀጥታ ድስት ውስጥ አይገባም፤ በሾርባ ማንኪያ ይለካል፤ አንዱ ማንኪያ 120 ካሎሪ ያህል ነው፤ የግማሽ ሰዓቱ እርምጃችን የሚያቃጥለው ከዚያ ብዙ አይበልጥም። ጭኮን ግን፣ አርሲ ሆኖ ጭኮ አልበላም ማለት እንግዳ ተቀባይን ማስቀየም ስለሆነ፣ በበዓልና በእንግድነት ብቻ፣ ትንሽ ቆረስ አድርጌ እበላለሁ። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ምግብ ከመቀነሳችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ፤ መጠኑ ካልተስተካከለ ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል።

ከብርዱም ከጭኮውም በላይ የፈተነኝ የሰው አፍ ነው። አራት ኪሎ እንደቀነስኩ ገበያ ላይ “ውይ ሲስተር! ምን ነካሽ? ታመሽ ነው እንዴ?” ይሉኝ ጀመር። አንዷ ጆሮዬ ላይ ተጠግታ ጸበል መከረችኝ። አልፈርድባቸውም። እኛ ረሃብ ያየን ሕዝብ ነን፤ ውፍረት ጥጋብና ሰላም ነው። በዚያ ላይ ነፃ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. ከመጀመሩ በፊት የነበሩትን ዓመታት በሥራ ላይ ሆኜ አሳልፌያለሁ፤ ያኔ “ከሳ” ማለት በሰው ላይ ፍርድ ነበር። ትኩሳት ይዟቸው ሊታከሙ የመጡ ሰዎች ቀጭን እንዳይመስሉ ሁለት ሹራብ ደርበው ሲመጡ አይቻለሁ። ያ ፍርሃት አሁንም ከሰው አልወጣም፤ ክብደት መቀነስ የጀመሩ ሴቶችን ወደ ቅቤው የሚመልሳቸው ብዙ ጊዜ ይኸው “ምነው ከሳሽ?” ነው።

መልሴን አስቀድሜ አዘጋጀሁ፦ “ፈልጌ ነው የቀነስኩት፤ ግፊቴም ወርዷል፤ እናንተም ኑ።” ሁለት ሴቶች በዚህ መልስ ምክንያት ከእኛ ጋር መራመድ ጀምረዋል። ሳይፈልግ የሚከሳ ሰው ግን የተለየ ነው። ምግቡን ሳይቀንስ ቀበቶው ከላላ፣ ሳል ወይም ውኃ ጥም ከበዛበት፣ ቶሎ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

በ14 ወር 9 ኪሎ ቀነስኩ፤ 79 ገባሁ። የእህቴ ልጅ ባገባችበት ወር ሁለቱ ተመለሱ፤ ሰኞ 12 ሰዓት በሩ ተንኳኳ፣ ሄድን። ሚዛን በወር አንዴ ብቻ እወጣለሁ። ከሚዛኑ ይልቅ መቀነቴን አምናለሁ፤ በጀመርኩበት ቀን የወገቤ ልክ የደረሰበት ላይ ቋጠሮ አድርጌበት ነበር፤ ዛሬ ቋጠሮው አንድ ስንዝር አልፎ ይውላል።

አሁን ክረምት ገብቷል። ሐምሌና ነሐሴ የእኛ አገር ጭቃና ጉም እንኳን ለእኛ ለሯጮቹም አስቸጋሪ ነው። አራታችንም እኔ ሳሎን እንሰበሰባለን። እጅን ደረት ላይ አጣምሮ፣ ሳይደገፉ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፤ አሥር ጊዜ፣ ዕረፍት፣ እንደገና አሥር። ጭን የሚጠነክረው በዚህ ነው፤ አረጋዊን ከመውደቅ የሚጠብቀውም ጭኑ ነው። ስንጀምር እኔ አራት ላይ ነበር የምቆመው። ባለፈው እሑድ ልጄ ከአዳማ መጥታ አብራን ሠራች፤ በስምንተኛው ላይ “እማዬ፣ ደከመኝ” ብላ ተቀመጠች፤ እኛ ጨረስን።