የፓንታናል ጃጓርና የሽማግሌው ጥጆች

ከአዲስ አበባ ሳኦ ፓውሎ፣ ከሳኦ ፓውሎ ኩያባ፣ ከኩያባ ፖኮኔ ያለው ጉዞ እንቅልፍና ወረፋ ነበር። ማስታወሻ ደብተሬን የከፈትኩት ትራንስፓንታኔራ በሚባለው የብራዚል የአፈር መንገድ ላይ መኪናችን የመጀመሪያውን የእንጨት ድልድይ ስትረግጥ፣ ሳንቃው ከሥራችን ሲንቋቋ ነው።

መንገዱ ከፖኮኔ እስከ ፖርቶ ዦፍሬ 145 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያ ርቀት ከመቶ በላይ ድልድይ አለ፤ ብዙዎቹ አሁን በኮንክሪት ተተክተዋል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሲቀየስ ሐሳቡ የዓለምን ትልቁን ሞቃታማ ረግረግ፣ ፓንታናልን፣ ሰንጥቆ በደቡብ እስካለችው ኮሩምባ ከተማ መዝለቅ ነበር። ሳይደርስ ቀረ። ፖርቶ ዦፍሬ ላይ የኩያባ ወንዝ ተጋረጠበት፤ ከዚያ ወዲያ መሄጃው ጀልባ ብቻ ነው። ሳያልቁ የቀሩ መንገዶች ያሳዝኑኛል፤ ይሄኛው ባለማለቁ ግን ደስ አለኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ከኩያባ ወንዝ ወደ ገባሩ፣ ወደ ትሬስ ኢርማኦስ ታጠፍን። ስሙ «ሦስቱ ወንድማማቾች» ማለት ነው። ገና አንድ ሰዓት ሳንጓዝ የጀልባ ነጂያችን ሬዲዮ ተንጫጫ። ከጩኸቱ መሐል የገባችኝ ቃል «ኦንሳ» ብቻ ነበረች። ብራዚሎች ጃጓርን ኦንሳ ፒንታዳ ይሉታል፤ ባለ ቀለሙ ኦንሳ እንደማለት ነው። ሞተሩ ተነሣ፣ ውኃው ፊታችን ላይ ተረጨ፣ በየአቅጣጫው ያሉ ጀልባዎችም ወደ አንድ ኩርባ ሸመጠጡ።

ስንደርስ ቆጠርኩ፤ አሥራ ሰባት ጀልባ። አንዲት እንስት ጃጓር ከወንዙ ዳር በጥላ ሥር ተጋድማለች። ሆዷ ከፍ ዝቅ ይላል። የቤንዚን ጭስ ሸተተን፣ ካሜራው ተንጣጣ፤ አንዱ ጀልባ የሌላውን እይታ ከልሎ ኖሮ በሦስት ቋንቋ ስድብ ተጀመረ። «ነብር አየኝ በል» እያለ የሚያስጠነቅቅ ሕዝብ ልጅ ነኝ። ነብር ሳታየው አስቀድሞ አይቶሃል፤ ያ ነው የሚያስከብረው። እዚህ ግን አንዲትን አውሬ ሰባ ሰማንያ ሰው ከብቦ አፍጥጦባታል። ተነሣች፣ ጀርባዋን ሰጠችን፣ ወደ ጫካው ገባች። ተናድጄ ነበር፤ የተናደድኩትም እኔ ራሴ ከአሥራ ሰባቱ ጀልባዎች በአንዱ ውስጥ በመቀመጤ ነው።

ጀልባ ነጂያችን ሌሎቹን አልተከተለም። ሞተሩን አጥፍቶ ጀልባዋን ወደ ወንዙ ዳር አስጠጋና «እንጠብቅ» አለ። ጠበቅን። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ወጣች። ካፒባራዎች፣ በግ የሚያካክሉ አይጥ መሰል እንስሳት፣ ግማሽ አካላቸውን ውኃ ውስጥ ነክረው ቆመዋል። ድንገት አንዷ እንደ ውሻ ጮኸች፤ ሌሎቹም ተከትለው ዘለው ውኃ ውስጥ ገቡ።

ወንዱ ጃጓር በአሸዋው ዳር እየተራመደ መጣ። ለነብር አገር ሰው ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። የጃጓር ራስ ትልቅ ነው፣ እግሮቹ አጠር ጠንከር ያሉ ናቸው፣ ጅራቱም አጭር ነው። ሁለቱም ዥንጉርጉር ቢሆኑም በጃጓር ቀለበቶች ውስጥ ትናንሽ ጥቁር ነጥቦች አሉ፤ በነብር ቀለበቶች ውስጥ የሉም። የፓንታናል ወንድ ጃጓር ከ100 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ በድመት ዘር ውስጥ የሚበልጡት ነብሮ የሚባለው የእስያው ባለ መስመር አውሬና አንበሳ ብቻ ናቸው። ውኃ አይፈራም፤ ይልቁንም ውኃውን እንደ ደጁ ያውቀዋል።

ቆመ። አንገቱን አሰገገ። በውኃ አረም መሐል አንድ ካይማን፣ የአዞ ዘመድ፣ ዓይኖቹን ብቻ ብቅ አድርጎ ተኝቷል። ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል ልነግራችሁ አልችልም፤ ፍጥነቱ ከዓይኔ ቀደመ። ዘለለ፤ አረሙ ተገለበጠ፤ ጅራት ውኃውን መታ። ከዚያ ጸጥ አለ። ሌሎች ትልልቅ ድመቶች ብዙ ጊዜ ጉሮሮ አንቀው ሲገድሉ ጃጓር ከኋላ መጥቶ ራስ ቅል ይበሳል። ካይማኑን በማጅራቱ ነክሶ ወደ ላይ እየጎተተ፣ ሁለቴ አርፎ፣ ሦስተኛውን ስቦ ቁጥቋጦው ውስጥ ገባ። ደረቴ ይመታ ነበር። ጀልባ ነጂው ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አድርጓል፤ በዚህ ወንዝ ላይ የኖረ ሰው አሁንም እንዲህ መደነቁ እኔንም አስደነቀኝ። ሬዲዮውን አልነካም። ለማንም አልተናገረም።

ይህ ሥፍራ የውኃዎች መገናኛ የሚባል የክልል ፓርክ አካል ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ድርቅ ፓንታናልን አደረቀው፤ አብዛኛውን በሰው እጅ የተነሣ ሰደድ እሳትም ከጠቅላላው ረግረግ ወደ ሲሦ የሚጠጋውን በላ። ከፓርኩ የተረፈው ጥቂት ነበር። ተመራማሪዎች በእሳቱ በቀጥታ የሞቱትን አከርካሪ ያላቸው እንስሳት ወደ 17 ሚሊዮን ገምተዋቸዋል። ጀልባ ነጂው ስለዚያ ጊዜ ሲናገር ስለ ነበልባሉ አላወራም። ያወራው እሳቱ ካለፈ በኋላ ስለነበረው ዝምታ ነው፤ ወፍ እንኳ አልነበረም አለ። ሥሩ አፈር ለአፈር ይነድ ስለነበር ከላይ የጠፋው እሳት ከሥር እየመጣ የእንስሳቱን መዳፍ ይለበልብ ነበር። ኦውዛዱ፣ ማለትም ደፋሩ፣ የሚባል ወንድ ጃጓር መዳፉ ተቃጥሎ ወንዝ ዳር ተገኘ። ጎያስ ክልል ወዳለ የእንስሳት መጠለያ ተወስዶ ታከመና ከአምስት ሳምንት ገደማ በኋላ አንገቱ ላይ መከታተያ ታስሮለት ተመለሰ። እሱ ዳነ፤ እሳቱ ግን በ2024 ዳግም መጣ።

አንድ ቀን ማታ በማረፊያችን ወሬው ወደ ድሮ አዳኞች ዞረ። ሳሻ ሲመል የሚባል የላትቪያ ተወላጅ እዚህ አገር ጃጓርን በጦር ያድን ነበር። ጥበቡን የተማረው ከአንድ የጓቶ ሕዝብ አዳኝ ነው፤ ጃጓሩ ሲዘልበት ጦሩን መሬት ላይ ተክሎ ይቀበለዋል። ወደ 300 ገድያለሁ ይል ነበር። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልትም እ.ኤ.አ. በ1913 መጨረሻ እዚህ መጥቶ አድኗል። ገበያው የከፋው ግን ቆይቶ ነው፤ በ1960ዎቹ የቆዳ ካፖርት ፋሽን ሲሆን ከብራዚል አማዞን ብቻ በዓመት በሺዎች የሚቆጠር የጃጓር ቆዳ ይወጣ ነበር። ብራዚል በ1967 አደንን በሕግ ከለከለች፤ በ1975 ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ደግሞ የቆዳውን ንግድ ዘጋ። ዛሬ በቆዳው ፋንታ ክራንቻው ይፈለጋል፤ እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ ቦሊቪያ ውስጥ ወደ ቻይና ሊላኩ የነበሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ክራንቻዎች ተይዘዋል።

በመልሱ መንገድ ላይ አስጎብኚያችን አንድ ፋዜንዳ፣ የከብት እርባታ፣ ለምሳ አስገባን። ከጉዞው ሁሉ ያልወጣልኝ ይህ ምሳ ነው።

ባለቤቱ ሰባዎቹን ያጋመሱ ሽማግሌ ናቸው። መጀመሪያ ተሬሬ አቀረቡ፤ በቀዝቃዛ ውኃ የተዘፈዘፈ መራራ ቅጠል ነው። መጠጫው የበሬ ቀንድ ነበር። ቀንዱን በሁለት እጄ ስቀበል አያቴ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የቀንድ ዋንጫ ትዝ አለኝ፤ ለሽማግሌው ነገርኳቸውና ፊታቸው ፈካ። ከዚያ በደረቅ ሥጋ የተቀቀለ ሩዝ፣ ባቄላ፣ የካሳቫ ዱቄት ቀረበ። ሥጋው ጨው በዝቶበታል፣ ግን ቋንጣ ቋንጣ ይል ነበርና ደገምኩ። በሰፌድ ሙሉ እንጀራ ቢኖር ስል ተመኘሁ።

ሦስተኛውን ጉርሻ ሳልውጥ ጠየቅሁ፤ «ጃጓር ገድለው ያውቃሉ?» አስጎብኚያችን ለመተርጎም አመነታ። ሽማግሌው ግን ጥያቄው ገብቷቸው ነበር።

«አባቴ ገድሏል» አሉ። «በዚያን ጊዜ የገደለ ይከበር ነበር። እኔ ባለፈው ዓመት ስድስት ጥጃ ተበላብኝ።»

በመንገድ ላይ ያነበብኩትን አወጣሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት በፖርቶ ዦፍሬ አካባቢ የጃጓር ጉብኝት በዓመት ወደ 6.8 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያስገባ፣ ጃጓሮቹ የሚበሉት ከብት ግን ከ121 ሺህ ዶላር ብዙ እንደማይበልጥ አስልቷል። በሕይወት ያለ ጃጓር ከሃምሳ እጥፍ በላይ ያስገባል አልኳቸው። ክርክሩን የረታሁ መስሎኝ ነበር።

ሽማግሌው ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ልጄ፣ ያ ገንዘብ የሚያርፈው ወንዙ ዳር ነው። ጃጓሩ ማታ የሚመጣው እዚህ ነው። የጥጃዬን ዋጋ የሚሰጠኝ ማን ነው? እናንተ አገር አውሬ ጥጃ ሲበላ ለባለቤቱ ምን ትሉታላችሁ?»

መልስ አልነበረኝም። እኛም አገር ጅብ አህያ የበላበት ገበሬ «የዱር እንስሳ ሀብታችን ነው» ሲባል ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ። ምሳው ቀዘቀዘ። አስጎብኚው ጨዋታ ሊቀይር ሞከረ፤ ሽማግሌው ግን አልተቀየሙም፤ ሩዝ ጨመሩልኝ።

ከፓንታናል መሬት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው እንደ እሳቸው ባሉ ሰዎች እጅ ነው። ጃጓር ቀድሞ ከነበረበት ምድር ግማሽ ያህሉን አጥቷል፤ ከኡራጓይና ከኤል ሳልቫዶር ጨርሶ ጠፍቷል፤ በብራዚልና በአርጀንቲና የአትላንቲክ ደን የቀሩት ከ300 አይበልጡም። ቤሊዝ ውስጥ ለጃጓር የመጀመሪያውን ጥብቅ ሥፍራ ያስከበረውና እ.ኤ.አ. በ2018 ያረፈው አለን ራቢኖዊትስ ጃጓሮች ከሜክሲኮ እስከ አርጀንቲና የሚተላለፉበት ኮሪደር እንዲጠበቅ ደክሟል። ያ ኮሪደር በካርታ ላይ አረንጓዴ መስመር ነው። ምድር ላይ ሲወርድ ግን በሰው ግጦሽ፣ በሰው በረት፣ እኔ ሩዝ በበላሁበት ግቢ በኩል ያልፋል። ጃጓሩ ነገ መኖሩን የሚወስኑት አሥራ ሰባቱ ጀልባዎች ብቻ እንዳልሆኑ የገባኝ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው። ከጎብኚው ኪስ ጥቂቱ እንኳ ጥጃ ወደተበላበት ግቢ የሚደርስበት መንገድ ካልተበጀ፣ ሽማግሌው ከሚያደርጉት በላይ ትዕግሥት መጠየቅ ለእኔ ግፍ ነው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከበረቱ ጎን ወስደው አሳዩኝ። ልጃቸው በፀሐይ ኃይል የሚሠራ የኤሌክትሪክ ሽቦ ዘርግቷል፤ ገና የወለዱ ላሞች ማታ ማታ ከነእምቦሶቻቸው ወደ ቤቱ ተጠግተው ያድራሉ። ሽቦው ከተዘረጋ ወዲህ በረቱ ውስጥ የተበላ የለም፤ የሚበላው ከውጭ ያደረው ነው አሉ። ልጅየው በፈረስ ሆኖ ከብቶቹን እየነዳ መጣ። አቧራው ወርቅ መሰለ። ሽማግሌው በሩ ላይ ቆመው በጣታቸው እየጠቆሙ ጥጆቹን ቆጠሩ፤ ሲጨርሱ እንደገና ከአንድ ጀመሩ። አንዷ ጎድላለች። ልጅየው ሳይወርድ ፈረሱን አዞረና ባትሪ መብራቱን አብርቶ ወደ ውኃው አቅጣጫ ሄደ። እኛ መሄድ ነበረብን። መኪናችን ስትነሣ ዞሬ አየሁ፤ ሽማግሌው የበሩን ሽቦ በእጃቸው እንደያዙ፣ ሳይዘጉት ቆመው ነበር።