እልፍ

ቀኑን ሙሉ በባንክ መስኮት ቁጥር እጠራለሁ፤ ማታ ማታ ግጥም እሞክራለሁ። የቁጥርና የፊደል ዝምድና የገባኝ ግን ከአባቴ አፍ ነው።

አባቴ በወጣትነቱ ከይጁቤ ተነሥቶ ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የተማረ ሰው ነው። ጥርሶቹ ካለቁ ወዲህ ጨዋታ ተወ። “ፈ” የምትወለደው የላይኛው የፊት ጥርስ ጫፍ የታችኛውን ከንፈር ሲነካ ነውና፣ ባዶ ትንፋሽ ሆነችበት።

ደብረ ማርቆስ ወሰድሁት። ሐኪሙ ሰው ሠራሽ ጥርሶቹን በመጀመሪያ በሰም ላይ ተክሎ አስሞከረው። ጥርስ ሲረግፍ የመንጋጋ አጥንት ይመነምናል፤ ከላንቃው ፊት ያለችው ትንሽ የሥጋ ጉብታ ግን ትቀራለች። የመካከለኞቹ ሁለት ጥርሶች ከእርሷ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ቀድመው ይቆማሉ። ወደ ውስጥ ከገቡ ከንፈር ይሰረጉዳል፤ ወደ ውጭ ከወጡ ይወጠራል። የመጨረሻው ዳኛ ግን ንግግር ነው።

“አባት፣ ከስልሳ እስከ ሰባ ይቁጠሩልኝ።”

በ“ሰ” ጊዜ የላይና የታች ጥርሶች ሳይነካኩ መቀራረብ አለባቸው። ቆጠረ፤ አላፏጨም።

“አሁን ደግሞ ‘ፈ’ ያለበት ቁጥር...”

ሐኪሙ ቆም አለ። እኔ፣ በቁጥር እንጀራ የምበላው፣ ከአንድ እስከ ሺህ ፈለግሁ... የለም!

“እልፍ” አለ አባቴ፤ ጥርት አድርጎ።

“ገና በሰም ላይ ነው” አለ ሐኪሙ ጥርሶቹን እያወጣ።

“ሰሙ እንዲህ ካማረ ወርቁን ጠብቁ!”

ይጁቤ እስክንደርስ በባዶ ድዱ ሲያወራ ነበር። “ፈ”ዎቹ ሁሉ ትንፋሽ ነበሩ፤ አንዱንም አላረምሁበትም።