ጌሙ ስንት ፈጀ?

እሑድ ዕለት ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራ ስላለ፣ እዚሁ ደቡብ ሲያትል ጎረቤቴ ቤት ቡና ላይ ተሰየምን። ልጇ ሳምንታት የታገለበትን ጌም ያን ዕለት ጨረሰ። ቴሌቪዥኑ ጠቆረና የሠሩት ሰዎች ስም ያልፍ ጀመር። አቦል ሲቀዳ የጀመረው ስም ቶና ሲቀዳም አላለቀም። ልጁ ቀጥሎ የሚፈልገው ማሪዮ ካርት ወርልድ 80 ዶላር መሆኑን ሲነግራት እናቱ ደነገጠች። «በወርቅ ነው እንዴ የሠሩት?» አለች።

በወርቅ አይደለም፤ በሰው ነው። እስቲ ቡናው እስኪፈላ ሂሳቡን አብረን እንሥራ።

የጌም ኩባንያዎች አብዛኛውን ጊዜ ወጪያቸውን በአደባባይ አይናገሩም። በፈረንጆቹ 2023 ግን፣ እዚህ ሬድመንድ ያለው ማይክሮሶፍት አክቲቪዥን ብሊዛርድን በ68.7 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት የተነሣበት ጉዳይ ሳን ፍራንሲስኮ ፍርድ ቤት ደረሰ። ተፎካካሪው ሶኒ ስለ ራሱ ጌሞች ባስገባው ሰነድ ላይ ምስጢር የተባሉት ቁጥሮች በጥቁር ማርከር ተሸፍነው ነበር። ወረቀቱ ስካን ሲደረግ ከቀለሙ ሥር ያለው ጽሑፍ ተነበበ። «ዘ ላስት ኦፍ አስ» ክፍል ሁለት 220 ሚሊዮን ዶላር፣ «ሆራይዘን ፎርቢደን ዌስት» 212 ሚሊዮን ዶላር ፈጅተዋል። «ሆራይዘን»ን የሠሩት እስከ 300 የሚደርሱ ሰዎች ናቸው፤ አምስት ዓመት ፈጅቶባቸዋል። ሁሉም አምስቱንም ዓመት ሠርተዋል ብንል እንኳ ለአንድ ሰው በዓመት ወደ 141 ሺህ ዶላር ይደርሳል። በዚያ ውስጥ ደመወዙ፣ ኢንሹራንሱ፣ ኮምፒዩተሩ፣ የቢሮ ኪራዩ ሁሉ አለ። ሲያትል ውስጥ ቤት ለተከራየ ሰው ይህ የሚያስገርም ቁጥር አይደለም።

ለምን አምስት ዓመት? አንድ የእንጨት በር ብቻ ይውሰዱ። አንዱ ይነድፈዋል፤ ሌላው ቅርጽ ይሰጠዋል፤ ሌላዋ የእንጨቱን መስመርና የዛገ ማጠፊያውን ትቀባለች። የሲጥታውን ድምፅ የሚቀዳ አለ። የተጫዋቹ እጅ እንጨቱን አልፎ እንዳይገባ ደጋግሞ እየከፈተና እየዘጋ የሚፈትሽም አለ። አሁን ደግሞ ከተማ ሙሉ በር፣ ከተማ ሙሉ ፊት ያስቡ። የቴሌቪዥኑ ጥራት በጨመረ ቁጥር የተጫዋቹ ዓይን ይቀርባል፤ ድሮ በአንድ ቀለም ይታለፍ የነበረው ፀጉር ዛሬ በነፋስ ካልተንቀሳቀሰ ሐሰት መሆኑ ይታወቃል።

ይህን ያህል ገንዘብ በአንድ ጌም ላይ ሲፈስ፣ የማይሸጥበት ቀን ክፉ ነው። ከሐይቁ ማዶ ቤልቪው ውስጥ ፋየርዎክ የሚባል ስቱዲዮ ነበር። ዓመታት የለፋበት «ኮንኮርድ» ነሐሴ 2024 መጨረሻ ላይ ወጣ። ስቲም በተባለው የኮምፒዩተር ጌም መሸጫ ላይ በአንድ ጊዜ የተጫወቱት ሰዎች ብዛት ከ697 አልበለጠም። በ14 ቀን ከገበያ ተነሣ፤ በጥቅምት ስቱዲዮው ተዘጋ። እዚያው ቤልቪው ያለው ባንጂ በዚያው ዓመት ሐምሌ 220 ሠራተኞች ቀንሷል። የከርክላንዱ ሞኖሊዝ ደግሞ ከ30 ዓመት በላይ ሠርቶ በ2025 በሩን ዘጋ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ጌሙ ይህን ያህል ይግዘፍ፣ ይህን ያህል ዓመት ይፍጅ ብሎ የወሰነው አንድ ሰው፤ ዕቃውን በካርቶን ይዞ የሚወጣው ሌላ ሰው። በሩን የሳለችው ልጅ ምን አጠፋች? ወጪው በዚህ መልክ መቀጠል የለበትም፤ ተጫዋቹም ቢሆን የእያንዳንዱን ቅጠል ጥላ አልለመነም።

በትንሹ መሥራትም ይቻላል። እዚሁ ሲያትል ሜጋ ክሪት የሚባል ስቱዲዮ ሁለት ሰዎች ጀምረው፣ «ስሌይ ዘ ስፓየር» የሚል የካርታ ጨዋታ ሠሩ። ገና ሳይጠናቀቅ፣ በ2018፣ ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። አዲስ አበባም ቅኔ ጌምስ አለ፤ የእነሱ «ኩኩሉ» ስልክ ላይ የምትሮጥ አንዲት ዶሮ ናት። አሯሯጧን ላየ ሰው፣ የአገሩ ግቢ ትዝ ይለዋል። እንዲህ ያለውን ጌም ፈልገው ለልጅዎ ይግዙለት፤ ትንሽ ስቱዲዮ የሚኖረው በእንዲህ ያለ ገዢ ነው።

ወደ ቡናው ልመለስ። ልጁ ስሞቹን ዘልሎ ጌሙን ሊያጠፋ ሲል እናቱ «ተወው፣ ይለቅ» አለችው። ጭሱ እየወጣ ሦስታችንም ዝም ብለን አነበብን። የመጨረሻው ስም ሲያልፍ በረካ ተቀድቶ ነበር።

እርስዎም ልጅዎ ጌም ሲጨርስ ቶሎ አጥፋው አይበሉት። አጠገቡ ይቀመጡና ስሞቹን አብረው ያንብቡ።