የጸሎተ ሐሙስ ጉልባን በቡናው አገር

የ55ቱ ቀን ዐቢይ ጾም ሊፈጸም የመጨረሻው ሳምንቱ ሰሞነ ሕማማት ሲቃረብ፣ በሚዛን ተፈሪና በቴፒ የሚኖሩ እናቶች አንድ ጥያቄ ያነሣሉ፤ ይኸውም «ለጉልባኑ ስንዴና ባቄላ ከወዴት እናምጣ?» የሚል ነው። ይህ የቡና አገር ከስንዴ ይልቅ በቆሎ፣ ከባቄላ ይልቅ ቦሎቄ ይስማማዋል፤ ጎደሬና ቦዬም ከጓሮ አይጠፋም። ስንዴውና ባቄላው ግን ከደጋ ተጭኖ የሚመጣ ነውና፣ ዋጋው ሲወደድ ጉልባኑን ጨርሶ የሚተው ቤት አለ። እኛ ግን እንዲህ ያለውን ሥርዓት ስለ ስንዴ ማጣት መተው አይገባም እንላለን።

ጉልባን የተፈተገ ስንዴና የባቄላ ክክ በአንድነት ተቀቅሎ የሚዘጋጅ ንፍሮ ነው። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 12 እንደ ተጻፈው፣ እስራኤል ከግብፅ የወጡት በችኮላ ስለ ነበር ሊጣቸው እስኪቦካ ሊቈዩ አልቻሉም። አባቶቻችን ቂጣውንም ንፍሮውንም የዚያ የጥድፊያ መንገድ መታሰቢያ አድርገው አስተምረውናል። ቤተ እስራኤልም በፋሲካቸው ሰባት ቀን እርሾ የገባበትን ሳይቀምሱ ቂጣ የሚበሉት ይህንኑ መውጣት ሲያስቡ ነው። በጉልባኑ ላይ ጨው በርከት የሚደረገው ደግሞ ጌታችን በመስቀል ላይ መጠማቱን ለማሰብ ነው።

እንግዲህ ምሥጢሩ በመንገደኛው ስንቅና በጨው ከሆነ፣ የእርሻው ዐይነት ሥርዓቱን አያፈርሰውም። በደጋውም ቢሆን በስንዴና በባቄላ ላይ ሌላ ጥራጥሬ የሚጨምሩ ቤቶች አሉ። ስለዚህ ስንዴ ያላገኘች እመቤት በበቆሎና በቦሎቄ ብታዘጋጅ አትፈር።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጥራጥሬው ሁሉ ረቡዕ ማታ ለየብቻው ይዘፍዘፍ። ስንዴው ከክኩ ይልቅ ዘግይቶ ስለሚበስል ቀድሞ ይጣድ፤ ለስለስ ሲል ክኩ ይጨመርበት። በቆሎ የሆነ እንደ ሆነ ብዙ ሰዓት ይፈልጋልና እሳቱ ማልዶ ይነሣ። ቦሎቄው የተዘፈዘፈበት ውኃ ተደፍቶ፣ በአዲስ ውኃ በኀይል ፈልቶ እስኪበስል ይቀቀል፤ በተለይ ቀዩ ዐይነት በሚገባ ሳይፈላ ቢበላ ሆድን ክፉኛ ያውካል። ውኃው ሲመጥጥ ጨው ይነስነስበት። ኮረሪማውና ጥምዙ ከደጃችን የሚለቀም ቢሆንም፣ በዚህ ቀን በመደቡ ይቈይ፤ ተራው የፋሲካው ወጥ ነው። የጉልባን ጣዕም በደንብ መብሰሉና ጨው መያዙ ነውና።

ደግሞም ለሚያከፍሉ ሰዎች ይህ እህል እስከ ትንሣኤ ሌሊት ድረስ የመጨረሻው ነው። ስለዚህ ጥሬነት ያለው ወይም ሲሶው ውኃ የሆነ ንፍሮ ማቅረብ ጿሚውን ማድከም ይሆናል። ለጎረቤትም የሚደርስ ተርፎ ይቀቀል፤ ጉልባን ብቻውን የሚበላ ምግብ አይደለምና።

ከምግቡ ይልቅ የሚያሳስበን ግን ሌላ ነው። በዚያው ምዕራፍ ልጆች የሥርዓቱን ትርጕም ሲጠይቁ ወላጆች እንዲመልሱላቸው ታዝዟል። ዛሬ በብዙ ቤት ልጁ ጉልባኑን በልቶ፣ ትርጕሙን ሳይሰማ ይነሣል። በትምህርት ቤት የምናስተምራቸው ልጆች የአባይን ወንዝና የፈርዖንን አገር በካርታ ላይ ያውቃሉ፤ በእጃቸው ያለው ንፍሮ ከዚያ አገር ጋር ምን እንደሚያገናኘው የሚነግራቸው ግን ቤታቸው ነው። እንግዲህ አባት ሆይ፣ ሰሐኑ ሲቀርብ ጥቂት ቃል ተናገር፤ እናትም ልጆቿን እሳቱ አጠገብ አስቀምጣ ታስረዳ። ስንዴ ቢጠፋ በቆሎ ይተካዋል፤ የወላጅን ቃል ግን የሚተካው የለም።

ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም ያድርሰን።