ለእትዬ፣ ስለ ደም ወረቀቷ

ይድረስ ለምወድሽ እትዬ፣

የላስታ ውርጭ አልበረታብሽም?

ልጅሽ የደም ወረቀትሽን በቴሌግራም ላከችልኝ። «5 ነው፣ መጥፎ ነው» ብለውሽ እንቅልፍ ማጣትሽንም ነገረችኝ።

5 የወጣው ሲቢሲ ከሚባለው ተራ የደም ቆጠራ ነው። ኒውትሮፊልሽ 6.0፣ ሊምፎሳይትሽ 1.2 ነበር፤ አንዱን ለሌላው ሲያካፍሉት 5 ይሆናል። ኒውትሮፊል ሰውነት ሲቆጣ ቶሎ ይበዛል። ካንሰርን ለይተው የሚያጠቁት ሕዋሳት ደግሞ ከሊምፎሳይቶቹ መካከል ናቸው። ያ በዝቶ ይህ ሲያንስ ሐኪም ያስባል። እውነቱን አልደብቅሽም፤ በፈረንጆች 2014 የታተመ፣ 100 ጥናቶችንና 40,559 የካንሰር ሕሙማንን የሰበሰበ ሥራ፣ ቁጥሩ ከፍ ያለባቸው ሰዎች ዕድሜ በአማካይ እንደሚያጥር አሳይቷል። የሺዎች አማካይ ግን ስለ አንቺ ለብቻሽ ምንም አይቆርጥም።

ቀኑንም አየሁት። ደሙ የተቀዳው ኬሞ በወሰድሽ በሦስተኛው ቀን፣ ጥርስሽ አብጦ ለእሱ ስትታከሚ ነው። እንዳያስመልስሽ የሚሰጡሽ ዴክሳሜታዞን ብቻውን ኒውትሮፊልን ያበዛል፣ ሊምፎሳይትን ያሳንሳል። ጥርሱም የራሱን ይጨምራል። እኔ ስሠራ የምውልበት ማሽን ይቆጥራል እንጂ፣ መቆጣቱ ከዕጢው ይሁን ከጥርስ አይለይም።

ደግሞ ከእኛ ሰው ብዙው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ኒውትሮፊሉ ከአውሮፓውያን ያንሳል። ስለዚህ በሌላ አገር ሰው ደም ላይ የተሰመረ መስመር ለእኛ ልክ ላይሆን ይችላል። አንቺን ከራስሽ ጋር ማስተያየት ይሻላል። ሳጥን ውስጥ ያስቀመጥሻቸውን የድሮ ወረቀቶች፣ ከመታመምሽ በፊት የነበሩትን ጭምር፣ ልጅሽ ፎቶ አንስታ ትላክልኝ። ለቀጣዩ ዙር ጥቁር አንበሳ ስትመጪ፣ ኬሞው ከመጀመሩ በፊት ከሚቀዳው ጋር አብረን ለሐኪምሽ እናሳያለን።

ከ5ቱ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ አልቡሚን የሚባለው የደም ፕሮቲንሽ ነው፤ 31 ነው። የግላስጎው ሐኪሞች ባወጡት መለኪያ ከ35 በታች ሲሆንና ሲአርፒ የሚባለው ከ10 ሲያልፍ ነው የሚጠነቀቁት። ብግነት ሲኖር ጉበት ሲአርፒን እያበዛ አልቡሚንን ይቀንሳል፤ አንቺ ደግሞ በጾሙ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳትቀምሺ እየዋልሽ ትከሺያለሽ። የነፍስ አባትሽን ዛሬውኑ አማክሪያቸው፤ ለታመመ ሰው ጾም ይፈታለታል፣ አንቺም ለሌላው ስትመክሪ ሰምቼሻለሁ። ልደትን አትጠብቂ። ምስሩና ሽሮው ወፈር ይበል፣ ከፈቀዱልሽም እንቁላል ብዪ። ጠበልሽን ተጠመቂ፣ መድኃኒትሽን ግን እንዳታቋርጪ።

አደራ እትዬ፣ ትኩሳትሽ 38 ከደረሰ እንቅልፍ ይወስደዋል ብለሽ አትደሪ። ሌሊትም ቢሆን ባጃጅ አስጠርተሽ ላሊበላ ሆስፒታል ሂጂ፤ ገና በሩ ላይ «ኬሞ ላይ ነኝ» በያቸው። ከዚያ ለእኔ ደውዪ፤ ስልኬን ክፍት አድርጌ ነው የማድረው።

የሚሳሳልሽ ታናሽ ወንድምሽ
ከአዲስ አበባ